ፊቱ ብር፣ ጀርባው እንጨት

ሮም መሃል «ጄዙ» የሚባል ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። የኢየሱሳውያን፣ ማለትም ጄስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር፣ እናት ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ሲል፣ አንድ ትርኢት ይካሄዳል። መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሙዚቃ ይከፈታል። በግራ ክንፍ ካለው መሠዊያ በላይ የተሰቀለው ግዙፍ ሥዕል ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል። ከኋላው የማኅበሩ መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ብቅ ይላል። እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አንስቶ፣ ብር በብር ሆኖ። ቱሪስቱ «ዋው» ይልና ስልኩን ያወጣል።

ብሩ ግን ብር አይደለም። አብዛኛው አካሉ ከጄሶ የተሠራ፣ ላዩ ብርማ የተደረገ ነው።

እውነተኛው የብር ሐውልት ነበር። መሠዊያውን የነደፈው አንድሬያ ፖዞ የተባለ ሠዓሊ ነው፤ ራሱም የማኅበሩ ወንድም ነበር። ከ1695 እስከ 1699 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከ100 የሚበልጡ ባለሙያዎች ሠርተውበታል። ድንጋይ ጠራቢው፣ ነሐስ አፍሳሹ፣ አንጥረኛው፣ ማን ቀረ? ሐውልቱን የቀረጸው ፒየር ለግሮ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከዚያ መቶ ዓመት ሳይሞላ ናፖሊዮን ጣሊያን ገባ። በ1797 ቶሌንቲኖ ላይ በተፈረመው ውል ጳጳሱ ፒዮስ 6ኛ ከባድ የጦር ካሳ እንዲከፍሉ ተገደዱ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ኢግናጥዮስ ወደ እሳት ገባ። ከመጀመሪያው ሥራ የተረፈው የለበሰው ልብሰ ተክህኖ ነው። ሌላውን ቆይቶ አዳሞ ታዶሊኒ የተባለ ቀራፂ በጄሶ ተካው።

(ለኛ አገር ሰው ኢየሱሳውያን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉት ጴድሮ ፓኤዝና አፄ ሱስንዮስ ናቸው። በ1632 አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ሲያውጁ ፖዞ ገና አልተወለደም። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።)

እዚያው መሠዊያ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሉል አለ። ላፒስ ላዙሊ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራ ነው። ለረጅም ጊዜ በዓለም ላይ ካሉት ትልቁ አንድ ወጥ ድንጋይ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። እሱም ውስጡ ሌላ ነው፤ ላዩን ብቻ በስስ የላፒስ ቁራጭ የለበሰ። በዚህ አልናደድም። ባሮክ፣ ይህ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የጥበብ ስልት፣ ከጥንስሱ የፊት ለፊት ጥበብ ነው። የሚሠራው ከሩቅ ቆሞ፣ በሻማ ብርሃን፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ለሚያየው ምእመን ነው። ጀርባውን ዞሮ ለሚያይ ሰው አልተሠራም።

እኔ ግን ጀርባውን ማየት እወዳለሁ። ከዚህ ዘመን የተረፈ የመሠዊያ ብር ባየሁ ቁጥር ደግሞ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይሄ እንዴት ሳይቀልጥ ቀረ?

ጥያቄው የሚገባው ብሩ በዚያ ዘመን ምን እንደነበር ሲታወቅ ነው። ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ባንክም ነበር። እናቶቻችን ክፉ ቀን ሲመጣ የአንገታቸውን ወርቅ አውጥተው እንደሚሸጡት፣ ቤተ ክርስቲያንም ንጉሥም ባለጸጋም ሲቸግረው ብሩን አውጥቶ ያቀልጥ ነበር። የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ስለ ዕቃው ውበት ብዙም አያወሩም። ክብደቱን ነው የሚጽፉት። አንጥረኛውም ሒሳቡን ሲያቀርብ ብሩ ለብቻው፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው ነው። ብዙ ጊዜ የሚከብደው የብሩ ነው።

እናም ማንም አልራራለትም። ሉዊ 14ኛ በ1689 የራሱን የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የብር ጠረጴዛና መቅረዝ ለጦርነት ወጪ ብሎ ወደ ምድጃ ላከ። መቶ ዓመት ቆይቶ አብዮቱ ሲመጣ የፈረንሳይ አብያተ ክርስቲያናት ብር በጅምላ ወደ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ተጋዘ። ባሮክ ራሱም ንጹሕ አይደለም። አዲስ መቅረዝ የፈለገ ካቴድራል ከአያቶቹ የወረሰውን የጎቲክ (ከባሮክ በፊት የነበረ የመካከለኛው ዘመን ስልት) ብር ለአንጥረኛው ሰጥቶ «ከዚህ ሥራልኝ» ይል ነበር። ዛሬ የምናደንቀው ብዙ የባሮክ ብር ከሱ በፊት የነበረውን በልቶ ነው የወፈረው።

ማቅለጥ ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስ ምርኮኞችን ለማስለቀቅ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጧል። ሲወቅሱትም አላፈረም፤ ጽፎ ተሟግቷል። እኔ ከአምብሮስ ጋር ነኝ። ሰው ከጽዋ ይበልጣል። የኢግናጥዮስ ግን ያንገበግበኛል። ማንን ነጻ አወጣ? ለወራሪ ጦር ካሳ ነው የሆነው።

ሰፈሬ አንድ ሽማግሌ የእድሳት ባለሙያ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ብርና ነሐስ ሲጠግኑ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ሥራ ቦታቸው የዝፍት ሽታ አለው። አንጥረኛው ስስ የብር ዝርግ ይወስዳል። ከሙጫና ከጡብ ዱቄት ጋር በተቀላቀለ ዝፍት ላይ ያስተኛዋል። ዝፍቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። ከዚያ ከጀርባ በኩል በመዶሻና በድልዱም ብረት እየቀጠቀጠ ያሳብጠዋል። የመልአክ ጉንጭ፣ የወይን ዘለላ፣ የዛጎል ቅርጽ ከፊት በኩል ይወጣል። ቀጥሎ ይገለብጠውና ከፊት በትንንሽ ብረቶች መስመሩን፣ ጸጉሩን፣ የቅጠሉን ሥር ያወጣል። አንድም ብር ተቆርጦ አይጣልም፤ የሚገፋው ብቻ ነው። ዝርጉ እየተሳበ በሄደ ቁጥር ይሳሳል። በጣም ያበጠው ቦታ፣ ማለትም የሚያምረው ቦታ፣ ከሁሉም የሳሳው ነው። የአሮጌ ብር ቀዳዳ መጀመሪያ የሚታየው አፍንጫ ላይና ጉንጭ ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ያ ዝርግ እንጨት ላይ በትንንሽ ምስማር ይመታል። አለቀ። ሽማግሌው አንድ መቅረዝ አንስተው ጀርባውን አሳዩኝ። ሦስት እግር፣ ሦስት ገጽ አለው። ሁለቱ ገጽ መላእክትና አበባ ነው። ሦስተኛው፣ ወደ ግድግዳ የሚዞረው፣ ባዶ ነው።

ወርቅ ቅቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ወርቁን በባዜቃ፣ ማለት በሜርኩሪ፣ ያሟሙትና እንደ ሊጥ ይሆናል። እሱን ብሩ ወይም ነሐሱ ላይ ይቀቡታል። ከዚያ እሳት ላይ ሲይዙት ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። ባዜቃው የሚሄደው የት ነው? ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ጥርስ መርገፍ፣ አእምሮ መዛባት የዚህ ሙያ ሰዎች ዕጣ ነበር። ከ1840 ወዲህ በኤሌክትሪክ መለበጥ ሲመጣ ነገሩ እየቀረ ሄደ። ይሁንና በእሳት የተለበጠ ወርቅ ከኤሌክትሪኩ ጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ ባይነገራችሁም ይታያችኋል። ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ነው። የሽማግሌው አስተያየት አጭር ነበር፦ «የሚያምረው የገደለው ነው።»

ስለ ነሐስ ካነሳን ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ ቀራፂው በርኒኒ ከመሠዊያው በላይ ያቆመውን ዳስ ማለፍ አይቻልም። አራት የተጠማዘዙ የነሐስ ዓምዶች፣ ቁመቱ 29 ሜትር ገደማ፣ በ1624 ተጀምሮ በ1633 ተመረቀ። ያሠሩት ጳጳስ ኡርባኖስ 8ኛ ናቸው፤ የባርቤሪኒ ቤተሰብ ልጅ። የቤተሰቡ ምልክት ንብ ስለሆነ ዳሱ ላይ የትም ቦታ ንብ አለ። ጳጳሱ ነሐስ ሲቸግራቸው ፓንቴዎን የሚባለውን የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የመግቢያ ጣሪያ ነሐስ አስነቀሉ። የሮም ሰው ምላሱ ስለት ነው፤ «አረመኔዎቹ ያላደረጉትን ባርቤሪኒዎች አደረጉት» ተባለ። ሐቁ ግን ከዚያ የባሰ ነው። ከፓንቴዎን የወጣው ነሐስ አብዛኛው ዳሱ ጋ አልደረሰም። መድፍ ነው የሆነው፤ ለሳንታንጄሎ ምሽግ። ዳሱ በ2024 ታድሶ ለ2025 ኢዮቤልዩ ተከፍቷል። እንደ ሰው ሁሉ አየሁት። ያስደነግጣል እንጂ አይነካኝም። ትልቅ ነገር ሁሉ ልብ አይገባም።

ልቤ የገባው ሌላ ነው። የማስታምማቸው አንዲት አሮጊት ሲኞራ ነበሩ። ኮሪደራቸው ላይ የብር ክፈፍ ያለው መስታወት ተሰቅሏል። ዙሪያው ጥቅልል ቅጠል፣ አናቱ ላይ ሁለት የመልአክ ራስ። ጠቁሮ ስላየሁት አንድ ቀን በጨርቅና በማጽጃ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ጀመርኩ።

«ተይው! ተይው!» አሉኝ ከወንበራቸው። «ብትፈትጊው ይቀደዳል። ደግሞ መስታወት አይደለም እሱ።»

«ታዲያ ምንድን ነው፣ ሲኞራ?»

«የቅዳሴ ሰሌዳ ነው። ባለቤቴ ከገበያ ገዝቶ መስታወት አስገባበት። እኔ አታድርግ ብዬው ነበር።»

በጣሊያንኛ «ካርታግሎሪያ» ይሉታል። በድሮው የላቲን ቅዳሴ ጊዜ መሠዊያው ላይ ሦስት ሰሌዳዎች ይቆማሉ። ካህኑ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ ተይዞ፣ መጽሐፉን ማየት በማይችልበት ሰዓት ጸሎቱን ከዚያ ላይ ያነባል። የመሃሉ ትልቁ ነው፤ ግሎሪያው፣ ማለትም «ክብር ለእግዚአብሔር» የሚለው መዝሙር፣ እና የቁርባኑ ቃል እሱ ላይ አለ። በቀኝ ያለው ካህኑ እጁን ሲታጠብ የሚደግመው መዝሙር ነው፤ እጄን በንጽሕና እታጠባለሁ የሚለው። በግራ ያለው የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ነው፤ ቅዳሴው ሊያበቃ ሲል ይነበባል። ወረቀቱ ርካሽ ነው። ክፈፉ ግን የአንጥረኛው መፎካከሪያ ነበር። ሀብታሙ ደብር በንጹሕ ብር ያሠራል። ድሃው ደብር በመዳብ አሠርቶ ላዩን ብር ያስቀባል። የገጠሩ ቆርቆሮም ቢሆን አይጠላም።

ከዚያ የካቶሊኩን ሥርዓተ ቅዳሴ ያሻሻለው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ መጣ። ከመጋቢት 1965 ጀምሮ ያ የመጨረሻ ወንጌል ከቅዳሴው ወጣ። ካህኑ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ፤ በብዙ ቦታ አዲስ ጠረጴዛ መሰል መሠዊያ ፊት ለፊት ተተከለ። ሦስቱም ሰሌዳዎች ሥራ ፈቱ። ረጃጅሞቹ መቅረዞችም ትርፍ ሆኑ። ዕቃ ቤት ገቡ፤ ከዕቃ ቤት ወደ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ሳሎን። ሰሌዳው መስታወት ሆነ። መቅረዙ ተበስቶ ገመድ ገባበትና አምፖል ተተከለለት። እሑድ እሑድ ሮም ያለው ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ብትሄዱ፣ በአሮጌ ጫማና በስልክ ቻርጀር መካከል ጋደም ብሎ ታገኙታላችሁ።

ለኔ ይሄ ቀላል አልነበረም። ያደግሁት ንዋየ ቅድሳት ለምእመን እጅ አይሰጥም በሚባልበት ነው። ጽዋና ጻሕሉን ካህንና ዲያቆን እንጂ ማንም አይነካውም። እዚህ አንዲት ሴትዮ ክፈፉን አንስታ «መታጠቢያ ቤት ይሆነኛል?» ስትል ሰምቻለሁ። ቢሆንም ጥያቄዬን ሳነሳ መልሱ ይጣፍጠኛል። ይሄ እንዴት ሳይቀልጥ ቀረ? ድሃ ስለነበረ! የናፖሊዮን ሰዎች ሚዛን ይዘው ሲመጡ ንጹሑን ብር ወሰዱ። ብር የተቀባ መዳብ ለእሳቱ እንጨት እንኳ አያወጣም። የድሃው ደብር ሰሌዳ ኢግናጥዮስን በዕድሜ በለጠው።

አንድ ነገር ብቻ። ለመግዛት የሚያስብ ካለ ወረቀት ይጠይቅ። ከየገጠሩ ጠባቂ ከሌለው ቤተ ክርስቲያን የሚሰረቀው ብዙ ነው። ጣሊያን ከ1969 ጀምሮ ለዚህ ብቻ የቆመ የካራቢኒየሪ (የፖሊስ) ክፍል አላት፤ የተሰረቁ ዕቃዎች ፎቶና መዝገብም አለው። ርካሽ ከሆነ ምክንያት አለው።

ይሄን ሁሉ ብር ምን አስፈለገው የሚል ይኖራል። ነገሩ የጀመረው ከክርክር ነው። ፕሮቴስታንቶቹ ስለ ቅዱስ ቁርባን ጥያቄ ሲያነሱ፣ ሥዕልና ሐውልት ከቤተ ክርስቲያን ሲያስወጡ፣ ካቶሊኩ በትሬንት ጉባኤ (1545–1563) ቆሞ «የለም፣ እውነተኛ ሥጋው ነው» አለ። ካለ በኋላ ማሳየት ነበረበት። ቁርባኑን ለሕዝብ የሚያሳዩበት «ኦስቴንሶሪዮ» የሚባል ዕቃ አለ። በጎቲክ ዘመን እንደ ትንሽ ግንብ ነበር የሚሠራው። በባሮክ ፀሐይ ሆነ። መሃሉ ላይ ነጩ ኅብስት፣ ዙሪያውን የወርቅ ጨረር።

ፕራግ ውስጥ ሎሬታ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ያለው ኦስቴንሶሪዮ ከሁሉም ይከፋል፤ በጥሩ ማለቴ ነው። በ1699 ቪየና ውስጥ የተሠራ ሲሆን 6,222 አልማዝ አለበት። አልማዙን የተናዘዘችው አንዲት የኮሎቭራት ቤተሰብ ባላባት ናት፤ ከሠርግ ቀሚሷ የተነቀለ ነው ይባላል። ቦጎታ ያለው ደግሞ 1,485 ኤመራልድ አለው። ሆሴ ዴ ጋላዝ የተባለ አንጥረኛ ለኢየሱሳውያን ሠርቶ በ1707 ጨረሰው። አረንጓዴ ስለሆነ ሕዝቡ «ሰላጣ» ብሎ ሰየመው። በ1985 የገዛው ማን ነው ብትሉ፣ የኮሎምቢያ ብሔራዊ ባንክ! ቀደም ብዬ ባንክ ነበር ያልኩት ለቀልድ አልነበረም።

በዚህ ነገር ላይ እኔና ካቶሊክ ጓደኞቼ አንግባባም። የኛ ቤት የተገላቢጦሽ ነው። ታቦቱ አይታይም። ለጥምቀት ሲወጣ እንኳ ተሸፍኖ፣ በካህኑ ራስ ላይ፣ በጥላ ሥር ነው። ሚሊዮን ሰው አጅቦት ይሄዳል፤ ያየው ግን የለም። ክብሩ ያለው መሸፈኑ ላይ ነው። እዚህ ክብሩ ያለው ማብራቱ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ኦስቴንሶሪዮ ከፍ ሲል ሳይ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ። አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ በክርኗ ጎሰመችኝ፦ «እዪ እንጂ፣ ለማየት እኮ ነው!»

ለማየት የተሠራ መሆኑን የተረዳሁት ግን በሻማ ነው። አንድ ምሽት ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መብራት ጠፋ። ስድስቱን መቅረዝ ለኮሷቸው። ያ ቀን ላይ ሸካራና የተዝረከረከ የሚመስለኝ የብር ቅጠል ሁሉ ሥራው ምን እንደሆነ ያኔ ታየኝ። እያንዳንዱ እብጠትና ጉድጓድ ነበልባሉን ይዞ ይወረውረዋል። ሻማው ሲወዛወዝ መሠዊያው ይወዛወዛል። በኤሌክትሪክ ብርሃን ባሮክ ብር ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሙዚየሞች ይሄን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ብሩ ከየት መጣ? አውሮፓ በዚያ ዘመን በብር የሰከረችው ከራሷ ማዕድን ብቻ አይደለም። በ1545 ዛሬ ቦሊቪያ በምትባለው አገር ፖቶሲ ተራራ ላይ ብር ተገኘ። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር። ስፔኖቹ ሚታ በሚባል የግዳጅ ሥራ የአገሬውን ሰው በተራ እየነዱ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት። ብሩን ከድንጋዩ የሚለዩት በባዜቃ ነበር፤ እሱም ከፔሩ፣ ከዋንካቬሊካ ማዕድን ይመጣ ነበር፤ እዚያም የሚቆፍረው ያው ሰው ነው። ባዜቃው ሲጀመር ቆፋሪውን ይገድላል፣ ሲጨረስ ወርቅ ለባጩን። በመሃል ላይ ያለችው መልአክ ፈገግ ትላለች።

ሊዝቦን ሳኦ ሮኬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የመጥምቁ ዮሐንስ ጸሎት ቤትም እንዲሁ ነው። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዦዋዎ 5ኛ ናቸው ያሠሩት። ሥራው በሉዊጂ ቫንቪቴሊና በኒኮላ ሳልቪ ንድፍ ከ1742 ጀምሮ ሮም ተሠራ። በ1747 ጳጳሱ ቤኔዲክቶስ 14ኛ ቀደሱበት። ከዚያ ተፈታታና በመርከብ ሊዝቦን ሄደ! ከዕቃዎቹ ውስጥ ጁዜፔ ጋሊያርዲ የሠራቸው ሁለት የብር ወርቅ ቅብ መቅረዞች አሉ። ከሰው ቁመት በእጅጉ ይረዝማሉ። ገንዘቡ የብራዚል ወርቅ ነው፤ የብራዚልን ወርቅ ያወጡት ደግሞ ከአፍሪካ የተጋዙ ባሮች ናቸው። በ1755 ሊዝቦንን ምድር ሲያናውጣት ጸሎት ቤቱ ተረፈ። አንዳንድ ሰው ተአምር ይለዋል። እኔ ዝም እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ የእኛን ቤት የሚነካው ብር አንድ ነው፤ ማርያ ቴሬዛ። ጠገራ ብር። የኦስትሪያዋ ገዥ በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ፤ እኛ አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገበያ ሲዞር ኖረ። ሚዛኑ 28 ግራም ገደማ ነው። ልጇ ዮሴፍ 2ኛ ዙፋኑን ለብቻው ሲይዝ 700 ገደማ ገዳማትን ዘጋ። ንብረታቸው ተሸጠ፤ ብራቸውም ብዙው ቀለጠ። እዚያ የመሠዊያ ዕቃ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ፣ እዚህ የኛ አንጥረኛ የእናትየዋን ገንዘብ እያቀለጠ መስቀል ይሠራበት ነበር። የአያቴ የአንገት መስቀል ከጠገራ የተሠራ ነው። ያ ብር ከየትኛው ማዕድን፣ በማን እጅ አልፎ ጎንደር እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን የባሮክ ብር ሳይ እሷን ማሰብ አልተውኩም። አንጥረኛው ሳንቲሟን ሲያቀልጥ የማርያ ቴሬዛን ፊት አላዘነለትም። ደግ አደረገ።

ሌላም መትረፊያ መንገድ አለ፤ መደበቅ። ማልታ ቫሌታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የብር አጥር በር አለው። በ1798 ናፖሊዮን ደሴቲቱን ሲይዝ ጥቁር ቀለም ስለቀቡት እንጨት መስሎት አለፈው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ወሬው ራሱ ያስቃል።

ከሁሉም የምወደው ግን የናፖሊ ከተማ ሰዎች መንገድ ነው። በ1527 ከተማዋን ወረርሽኝና ጦርነት አንድ ላይ አስጨነቋት። ሰዎቹ ለከተማቸው ጠባቂ ለቅዱስ ጄናሮ ስለት ተሳሉ፤ ከዳንን አዲስ ጸሎት ቤት እንሠራልሃለን አሉት። እስከዚህ ድረስ የኛም አገር ሰው ያደርገዋል። እነሱ ግን ውል ጻፉ። በውል አዋዋይ ፊት! ተዋዋዩ ከ1,200 ዓመት በፊት የሞተ ሰማዕት ነው። በ1601 ጉዳዩን የሚመራ የምእመናን ጉባኤ ተቋቋመ፤ ዛሬም አለ። ጸሎት ቤቱና ግምጃው የጳጳሱም የመንግሥትም አይደለም። የከተማው ሕዝብ ንብረት ነው።

ውስጡ ስትገቡ ከደረት በላይ የተሠሩ ሃምሳ የሚያልፉ የብር ቅዱሳን ቆመዋል። ናፖሊ አንድ ጠባቂ አይበቃትም፤ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ሌላ ቅዱስ ትጨምራለች፣ የጨመረችው ደግሞ በብር ይሠራለታል። የዋናው መሠዊያ ፊት ጃን ዶሜኒኮ ቪናቻ በ1695 የጨረሰው አንድ ትልቅ የብር ሥራ ነው። የቅዱሱ አጽም ወደ ከተማው ሲመለስ ያሳያል። ፈረሱ፣ ሰዉ፣ ካህናቱ ከዝርጉ ወጥተው ሊረግጧችሁ ይደርሳሉ። እዚህ ፊት ሰዓታት መቆም ይቻላል፤ ጥበቃዎቹ እስኪጠረጥሯችሁ ድረስ።

ያዳነው የባለቤትነቱ ነገር ይመስለኛል። አንድ ጳጳስ ተገዶ የሚፈርምበት፣ አንድ ንጉሥ ሲቸግረው የሚያዝበት ንብረት አልነበረም። እንዲያውም ናፖሊዮን ሮም ላይ ኢግናጥዮስን ካስቀለጠ አሥር ዓመት አለፍ ሲል፣ በ1808፣ የእህቱ ባል ዮአኪም ሙራት ናፖሊ ላይ ነገሠ። ግምጃው ቤት ሲሄድ ሚዛን አልያዘም። ኦስቴንሶሪዮ ስጦታ ይዞ ነበር፤ ዛሬም ከሌሎቹ ጋር ይታያል። ነገሥታቱ እዚያ ሲመጡ ለመስጠት ነው።

ከግንቦት የመጀመሪያ እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ ቅዱሳኑ በትከሻ ተሸክመዋቸው አደባባይ ይወጣሉ። በብልቃጥ የተቀመጠው የጄናሮ የደረቀ ደም ቀልጦ ይፈስሳል ብሎ ሕዝቡ ይጠብቃል። ከፊት የሚቀመጡት አሮጊቶች የቅዱሱ ዘመዶች ይባላሉ። ተአምሩ ሲዘገይ አይለምኑትም። የጄናሮ ምስል ወርቅ ቅብ ስለሆነ «አንተ ቢጫ ፊት!» እያሉ ጮኸው ይሰድቡታል። ንብረቱ የራሳቸው ነው፤ ማን ዝም ያሰኛቸዋል?